ነቁጥ የሌለበት ሥዕል

«ይሄኛው የት ነው የሚለጠፈው?» አለች ሕሊና፣ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ።

«ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነዋ! መስመር በመስመር ነው የመጣው» አለ ምናለ፣ ወንበር ላይ ቆሞ ሰሌዳውን እያስተካከለ።

ደብረ ማርቆስ ያለው የትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ክበብ አንድ አሮጌ የሬዲዮ መቀበያና ከእሱ ጋር የተያያዘ ኮምፒዩተር አለው። ፈቃድ ስለሌላቸው ይሰማሉ እንጂ አይልኩም። በሌላ አገር ያሉ የሬዲዮ አማተሮች፣ ማለትም ለትርፍ ጊዜ ደስታቸው በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች፣ ሥዕልን ወደ ድምፅ ለውጠው በአየር ይለቁታል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ያንን ፉጨት ሰምቶ መልሶ ሥዕል ያደርገዋል። ለነገው ኤግዚቢሽን ሥዕሎቹን በአላላካቸው የመመደቡ ሥራ የሕሊና ነው። አንደኛው ረድፍ በፋክስ የሚላኩ የአየር ጠባይ ካርታዎች ናቸው። ሁለተኛው በፉጨት መስመር በመስመር የሚሳሉት ባለቀለሞቹ ናቸው። ሦስተኛው ዲጂታሎቹ ናቸው፤ ሥዕሉ ተቆራርጦ በቁጥር ይላካል። ክበቡ ይህን የሚፈታ ፕሮግራም ስለሌለው ረድፉ ባዶ ነው።

በእጇ ያለው ሥዕል በበረዶ መሀል የሚጓዝ ቀይ ባቡር ነው። ያምራል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምናለ ብቻውን ሳለ የተቀበለው ነው ተብሎ፣ በማግስቱ ሰልፍ ላይ ተማሪው ሁሉ አጨብጭቦለታል።

«ማክሰኞ እኮ በረዶ ጥሎ ነበር» አለች ሕሊና። «ከጮቄ ተራራ በኩል ሰማዩ ሲያጉረመርም ነው የዋለው።»

«እና?»

«መብረቅ ሲኖር በፉጨት የሚመጣ ሥዕል ይጫጫራል። ይሄ አንድ ነቁጥ እንኳ የለበትም።»

ምናለ ከወንበሩ ወረደ። «እንግዲያው ዲጂታል ይሆናላ። ቁርጥራጮቹ ሁሉ ከደረሱ ጥርት ብሎ ይወጣል ብለሽ የለ? ሦስተኛው ላይ ለጥፊው።»

«በምን ፕሮግራም ፈታኸው?»

«አቦ አታካብጂ! የአንቺ ተራ ስለነበረ ነው አይደል የሚያንገበግብሽ?» አለና ወጣ።

ቃሉ ወጋት። እውነትም ማክሰኞ ሬዲዮውን የመስማት ተራው የእሷ ነበር፤ እናቷ ወፍጮ ቤት ስለላከቻት ነው ከምናለ ጋር የተለዋወጠችው። ቅናት ይሆን? እናቷ «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አለ ስንጥር» ማለት ትወዳለች። ግን ስንጥሩ ያለው ከገንፎው ይሁን ከራሷ ሆድ፣ ሕሊና አላወቀችም። ከአምስተኛ ክፍል ጀምራ የምታውቀውን ልጅ እንደ ሌባ ማየቷ ደስ አላላትም። ግን ደግሞ፣ ነቁጥ የለበትም ስትለው ረድፉን ለምን እንዲያ በፍጥነት ቀየረ?

ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒዩተር ክፍሉ ጭር ሲል ገባች። ፕሮግራሙ የሰማውን ድምፅ ሁሉ እየቀዳ ያስቀምጣል። የማክሰኞውን ፈልጋ አጫወተችው። መጀመሪያ የነጎድጓድ ጩኸት ብቻ ነበር። ባዶ ነው ብላ ልትዘጋው ስትል ግን ፉጨቱ ጀመረ፤ ከፍ ዝቅ እያለ። ማያው ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ሰማያዊ ሰማይ ተሳለ፤ ከዚያ የባርኔጣ ጫፍ፣ ከዚያ የሚስቅ የሽማግሌ ፊት፣ ሰላም ለማለት የተነሳ እጅ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ነጫጭ ጭረቶች ወረሱት፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ዝብርቅርቅ ነው።

ከኋላዋ በሩ ተንቋቋ። ምናለ ነበር፤ ፉጨቱን ከውጭ ሰምቶታል። አጠገቧ መጥቶ ሽማግሌውን አየ።

«መጥቶ ነበር» አለ። «አልዋሸሁም፤ ሥዕል መጥቶ ነበር።»

«ባቡሩስ?»

«እዚሁ ክፍል ውስጥ ካለ የሥዕል ሲዲ አውጥቼ ነው ያተምኩት።» ድምፁ ሰለለ። «ነገ አባቴ ከደብረ ኤልያስ ይመጣል። ‹ቤት ተከራይቼ የማስተምርህ ፉጨት እንድትሰማ ነው ወይ?› ነው የሚለኝ። እንዲህ የተቦጫጨቀ ነገር ባሳየው ምን ይለኛል? ሙሉ ሥዕል ፈለግሁ። ሰልፍ ላይ ይጠሩኛል ብዬ መች አሰብኩ!»

ሕሊና መጠርጠሯ ልክ መሆኑ ያስደስተኛል ብላ ነበር። አላስደሰታትም። ደግሞ አሁንም አላመነችውም፤ ከዚህ በፊት የተለጠፉት ሥዕሎችስ?

«ትናገሪያለሽ?» አለ።

በዚህ መሀል የክበቡ ኃላፊ መምህር እንዳላማው አንገታቸውን በበሩ ብቅ አደረጉ። «እህ፣ ሰሌዳው አለቀ? ሕሊና፣ ነገ ባቡሩን ለእንግዶቹ የምታብራሪው አንቺ ነሽ። አንደበትሽ ጥሩ ነው።»

ምናለ መሬት መሬቱን አየ። ሕሊና ዞራ ማተሚያውን አዘዘች። ሽማግሌው ከነጭረቱ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ወረቀቱን ለምናለ አቀበለችው።

«ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ የሚለወጥ ነገር አለ» አለች። «ምናለ ይነግርዎታል።»

ምናለ ጠላት እንደሚያይ ሰው ቀና ብሎ አያት። መውጣት ትችል ነበር፤ የምሳ ሰዓት ገና አላለቀም። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

መምህር እንዳላማው ገብተው በሩን ዘጉ። «ምንድን ነው?»

ምናለ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ለመምህሩ ዘረጋላቸው።

«ቲቸር፣» አለ፣ «ማክሰኞ ዕለት የመጣው ይሄ ነው።»