ባልዲው ውስጥ የጠራው ውሃ

ጠርሙሱ ጠዋት ላይ ባዶውን ተገኘ። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ።

ተመራማሪዋ አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ስድስት ዓመት የለፋችው እዚያ ጠርሙስ ውስጥ ለነበረው የባሕር ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያው ዝልግልግ ነገር ያመነጫል፤ ዝልግልጉ በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ያለውን ጭቃ እያያያዘ ወደ ታች ያዘቅጠዋል። መጠባበቂያው ባለፈው ወር ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ሞቷል። የቀራት ይሄ ብቻ ነበር። ነገ እንግዶች ፊት ልታሳየው ነበር።

«ጠላት አለሽ?» አለቻት ለምርመራ የተጠራችው ፖሊስ።

«እኔ? ወዳጅም የለኝ።»

መጀመሪያ የተጠረጠረው የውሃ ማጣሪያ ኬሚካል አስመጪው ነበር። ከትናንት በስቲያ መጥቶ «ጉሮሮዬን ልትዘጊው ነው!» ብሎ ጮኾባታል። ግን ትናንት ቀኑንም ሌሊቱንም ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

ቀጥላ ጽዳት ሠራተኛዋ ተጠራች።

«እኔ የሰው ጠርሙስ አልነካም!» አለች ቆጣ ብላ። «ይልቅ ባልዲዬን ማን እንደነካው ጠይቁልኝ። ትናንት ወለል ያጠብኩበትን ጭቃ ውሃ ትቼ ሄድኩ፤ ዛሬ ኩልል ብሎ ጠበቀኝ።»

ተመራማሪዋ ብድግ አለች።

ባልዲው የሚያድረው በላብራቶሪ ቴክኒሻኑ ክፍል ነው። ውሃው የምንጭ ውሃ መስሏል። ጭቃው እንደ ባዘቶ ተጓጉሎ ከሥር ተኝቷል።

«የኔ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እዚህ ነው የተደፋው።»

«የክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ጋሼ ጋ ብቻ። ማታ ቆልፈው ጠዋት የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።»

ጋሼ ቴክኒሻኑ ናቸው፤ የላብራቶሪ ሥራን ከሀ ሁ ጀምረው ያስተማሯት ሽማግሌ። ወደ እሷ ቢሮ ተጠርተው መጡ። አላስተባበሉም።

«ትናንት አስቀድሜ ልሞክርልሽ ብዬ ጭቃ በውሃ በጥብጬ ጨመርኩበት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁት፤ ጭቃው ወይ ፍንክች! ሞቷል። በሰው ፊት ከምታፍሪ ሌባ ወሰደው ቢባል ይሻላል አልኩ፣ ልጄ።»

«ሲደፉት ... ከነሕይወቱ ነው?»

«እንዴት ተደርጎ! አፍልቼ ነው ባልዲው ላይ የደፋሁት እንጂ። ደንቡን እኔው አይደለሁ ያስተማርኩሽ?»

መፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል። ዝልግልጉን ግን አያጠፋውም።

«ለሙከራው ውሃ ከየት ቀዱ?»

«ከዲስቲልዱ ነዋ። ላንቺ ሥራ የቧንቧ ውሃ ልጠቀም?»

ዓይኗን ጨፈነች። ዝልግልጉ ጭቃ የሚይዘው ውሃው ውስጥ ካልሲየም ሲኖር ነው። ባልዲው የተሞላበት የቧንቧ ውሃ ካልሲየም አለው፤ ተንኖ የተጣራው ዲስቲልድ ግን የለውም። ይህን ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች። ለእሳቸው ግን አልነገረቻቸውም፤ ጋሼን ማስተማር ድፍረት መስሏት።

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ክስ ትመሠርቻለሽ?»

«ምነው?» አሉ ሽማግሌው። «ሞቶ አልነበረም እንዴ?»

«ሞቶ ነበር፣ ጋሼ» አለች። «እንኳን ደፉልኝ።»