ወደ ውስጥ የሚስበው ቀዳዳ

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። በገዛ እጄ የነካሁት ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ።

መጋቢት 1970 ዓ.ም.፣ ጅማ፣ በቾ ቦሬ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

በዚያን ጊዜ ሰው ሲጠፋ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። እኔም መጠየቅ ትቼ ነበር። ብቻ እሠራለሁ።

ዋቅጅራ የሚባል ሾፌር ነጭ አውቶሞቢል ይዞ ጋራዤ ገባ። መኪናውን አውቀዋለሁ። የሰርቦው ቡና ነጋዴ የሐጂ ከሊል ነበር። ሐጂ ከተወሰዱ ወዲህ አንድ ባለሥልጣን ይሄድበታል።

"ለይኩን፣ ኤር ኮንዲሽኑ አይቀዘቅዝም" አለኝ። "አዲስ አበባ ሦስቴ ጋዝ ተሞላ። በሳምንቱ ባዶ ነው።"

ማቀዝቀዣ መጠገን የተማርኩት አሰብ ወደብ ነው። ጅማ ውስጥ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም።

"እስከ መቼ ትፈልገዋለህ?"

"እስከ አስር ሰዓት። ካልደረሰ... አንተም እኔም..."

አልጨረሰውም።

ትንሽ ጋዝ ሰጠሁትና ሳሙና በጥብጬ ቱቦዎቹን ቀባሁ። የሚያፈስ ቦታ ካለ አረፋው ያብጣል፣ ይፈነዳል። በቃ ይኸው ነው።

ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ቀዳዳ አገኘሁ። የመርፌ ጫፍ ታክላለች።

አረፋው አበጠ።

ከዚያ... ተመልሶ ሟሸሸ።

እንደገና አበጠ። እንደገና ወደ ውስጥ ገባ።

ሞተሩ ጠፍቷል። የሚያፈስ ቱቦ ወደ ውጭ ይገፋል እንጂ ወደ ውስጥ አይስብም። ጠርጌ ደግሜ ቀባሁ። ያው ነው።

የግፊት መለኪያውን ጌጅ አየሁ። መርፌው ከፍ... ዝቅ... ከፍ... ዝቅ ይላል።

ሳላውቀው እኔም ከእሱ እኩል እየተነፈስኩ ነበር።

"ዋቅጅራ... ና እየው።"

አልተጠጋም። ፊቱን አዙሮ በሹክሹክታ ተናገረ።

"ሐጂን እዚህ ውስጥ ነው ያስቀመጧቸው። ከኋላ ወንበር። መስኮቱን ዘግተው ፀሐይ ላይ... አስም ነበረባቸው።"

"አንተ የት ነበርክ?"

"ቁልፉ እኔ ጋ ነበር።"

ፊቱን ሳያዞር በጣቱ ወደ ቀዳዳዋ አመለከተ።

"ማሎ፣ እባክህ ለይኩን... ድፈነው።"

ለመበየድ መጀመሪያ ጋዙ መውጣት አለበት። ቱቦውን ወደ ጓሮ ዘርግቼ ከፈትኩት። ጋዝ ሲወጣ ያፏጫል። ይኼ ግን ረጅም... ቀስ ያለ... በጣም የደከመው ሰው እንደሚተነፍስ ነበር።

በየድኩት። ጋዝ ሞላሁ። መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ቀዝቃዛው አየር ፊቴን ሲመታኝ ምንም አልተሰማኝም። እጄን ታጠብኩና ምሳዬን በላሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል። ፈድሊያ ናት፣ የሐጂ ከሊል ሚስት።

"ወንድሜ፣ መኪናችን ትናንት እዚህ ገብቶ ነበር አሉኝ። የሠራኸው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ከወሰዷቸው ጀምሮ ትንፋሻቸው ከጆሮዬ ጠፍቶ አያውቅም። ወላሂ፣ ቀንም ሌትም እሰማው ነበር።" ድምጿ አይንቀጠቀጥም። "ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ቆመ። ምን አደረግህ?"

ልዋሻት አልቻልኩም።

"ደፈንኩት።"

"ውስጡ የነበረውስ?"

"ጓሮ... አየር ላይ ለቀቅሁት።"

"አሳየኝ።"

ወስጄ አሳየኋት። ሻሿን ከአፏ ገለጥ አደረገች። ዓይኗን ጨፍና አየሩን ወደ ውስጥ ሳበች። ረጅም... በጣም ረጅም... ደረቷ እስኪሞላ።

እስክታወጣው ጠበቅሁ።

አላወጣችውም።

አፏን እንደገጠመች ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተሰናበተችኝ። እስከ አስፋልቱ ተከተልኳት። የሰርቦን መንገድ ይዛ፣ ሙሉ ውሃ እንደተሸከመ ሰው ቀስ እያለች፣ ድልድዩን አልፋ ሄደች።

ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ ትከሻዋ አንዴም አልወረደም...