እስከ እሑድ የታሸገው ፖስታ

ልብስ ሰፊዋ አሮጊት ሞተው የተገኙት ግንባታው ባላለቀው ቤተ ክርስቲያን፣ ገና ውሃ ባልገባበት የጥምቀት ገንዳ ውስጥ ነው። ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ደረጃ ጋር ተጋጭቷል።

«ማለዳ ማለዳ እዚህ ይጸልዩ ነበር» አሉ መጋቢው። «ገና አልነጋም ነበርና ገንዳውን አላዩት ይሆናል።»

ኢንስፔክተሩ ወለሉን ተመለከተ። ሠራተኞቹ ትናንት አመሻሽ ላይ ጣሪያውን ሲፍቁ የረገፈው ነጭ ብናኝ ወለሉን ሸፍኖታል። ሬሳውን ለማየት የገባው ሰው ሁሉ ረጋግጦታል። ጥግ ላይ ካለው ምሰሶ ሥር ግን ብናኙ ላይ አንድ አራት ማዕዘን ቅርጽ ታትሞ ቀርቷል። ወደ ገንዳው ወርዶ የሟቿን ቀሚስ መረመረ። ጠርዙ ነጭ ሆኗል፤ ጉልበቱ ላይ ግን ምንም የለም።

«የሚጠላቸው ሰው ነበር?»

«እሳቸውን? የሰፈሩን ሱሪ ሁሉ በነጻ ያሳጠሩ ሴት እኮ ናቸው!»

መጋቢው ስለ ሕንፃው ዘመቻ አስረዱት። ምእመናኑ አርባ ቀን ይጸልያሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ጌታ ያሳሰበውን ስጦታ ካርድ ላይ ጽፎ ፖስታውን ያሽጋል። እሑድ በጉባኤ ፊት እስኪከፈት ድረስ ለማንም አይናገርም፤ ባል ለሚስቱ እንኳ።

«የእሳቸው ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ምን እንደጻፉ እኔም አላውቅም።»

የሟቿ የእህት ልጅ ታክሲ ነጂ ነው። ኢንስፔክተሩ መኪና ተራው ላይ አገኘው።

«ቤቱን የምትወርሰው አንተ ነህ አሉ።»

«ኧረ ይተዉኝ ጋሼ! ሲዘንብ እኮ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ ነው የሚያበሰብሰው። ከንጋት ጀምሮ እዚሁ ነበርኩ፤ ተራ አስከባሪውን ይጠይቁት።» ከዚያ መሪውን በጣቱ ይፍቅ ጀመር። «ካየኋት ሦስት ወር ሆነኝ። በየቀኑ በደጇ አልፋለሁ። ነገ እገባለሁ፣ ነገ እገባለሁ እያልኩ…»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ መሃሉ ላይ የስፌት መኪና። ከሟቿ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት ደባላቸው የራሳቸው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባዶውን አልጋ ያያሉ።

«ዛሬ አብረው አልሄዱም፣ እትዬ?»

«ጉንፋን ጣለኝ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ ተኝቼ ነበር፤ መርዶው እስኪመጣ።»

«ይህቺ ትራስስ?»

«የጸሎቷ ናት። ጉልበቷን ያማት ነበር። እዚያ ካደረች አቧራ ይበላታል ብዬ ሁልጊዜ እኔ ነኝ ይዣት የምመለሰው።»

ትራሷ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተስተካክላ ተቀምጣለች። ኢንስፔክተሩ ገለበጣት። ሆዷ በብናኝ ነጭ ሆኗል።

እሑድ ከጉባኤው በፊት ሦስቱንም መጋቢው ቢሮ ሰበሰባቸው።

«ብናኙ የረገፈው ሟቿ ከመሞታቸው በፊት በነበረው ምሽት ነው» አለ። «ወለሉ ሁሉ ነጭ ነው፤ የቀሚሳቸው ጉልበት ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ትራስ ላይ ተንበርክከዋል። የትራሱ ቅርጽም ምሰሶው ሥር ታትሟል። ትራሱ ግን እዚያ አልነበረም። ሬሳ ትራስ ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስም።»

ታክሲ ነጂው አፉን ያዘ።

«ትራሷን ያገኘኋት ቤት ውስጥ፣ ዘወትር በምትቀመጥበት ቦታ፣ በዚያው ብናኝ እንደተለወሰች ነው። በሩ ደግሞ ከውስጥ ተቆልፎ ነበር። ይህን ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። ትራሷን ይዘው የተመለሱት ሊደብቋት አይደለም። እጅዎ ለምዶበት ነው።»

ደባልየዋ እጃቸውን አገላብጠው አዩት።

«ድምጿን አውጥታ ነበር የምትጸልየው» አሉ ቀስ ብለው። «ከመሞቷ ጥቂት ቀን በፊት ‹ጌታ ሆይ፣ ቤቴን ሰጥቼሃለሁ› ስትል ሰማሁ። ከዚያ በላይ መስማት አልቻልኩም፤ ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። የት እገባለሁ? ማን አለኝ? በሞተችበት ዕለት ማለዳ ደግፌ አነሳኋትና ገንዳው ዳር ስንደርስ ጠየቅኋት። ‹ታገሺ፣ እሑድ ትሰሚያለሽ› አለችኝ። ሳቅ ብላ። በሳቋ ተናደድኩ… ገፋኋት።»

መጋቢው ከሳጥኑ ውስጥ ፖስታውን ፈልገው ቀደዱት። ካርዱን ለራሳቸው አነበቡት፤ ከዚያ ጮክ ብለው እንደገና አነበቡ።

«ቤቴን ለጌታ ሰጥቻለሁ። ደባሌ ግን በሕይወት እስካለች ድረስ ማንም አያስወጣት። ሌላዋን አልጋም አታንሱባት፤ ብቻዋን መተኛት ትፈራለች፣ የሚያድርላት ሰው ፈልጉላት።»

ከግድግዳው ማዶ ሕዝቡ መዘመር ጀምሯል። ደባልየዋ ለመነሳት ጠረጴዛውን ያዙ። ኢንስፔክተሩ በክንዳቸው ደግፎ አነሳቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ የምትወስዱኝ ክፍል ውስጥ… ሌላ ሰው አለ?»

«አለ፣ እትዬ» አላቸው።

መኖሩን ግን አያውቅም ነበር።