ሰባተኛው ጨሌ

ኡምኩልሱም የሞተችው የእህቷ ሠርግ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ፈርሂያ የእህቷን የሥራ ክፍል ከፍታ ስትገባ ኡምኩልሱምን ከተገለበጠ በርጩማ አጠገብ ወድቃ አገኘቻት። ጠረጴዛው ላይ ለሰባቱ ሚዜዎች በስጦታ የሚሰጡ ሰባት የአንገት ጨሌዎች ተደርድረዋል።

መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። ከመደርደሪያ ዕቃ ልታወርድ ስትል ወደቀች ተባለ። መርማሪዋ ኢንስፔክተር ብርሀንነሽ ግን ሐኪሙን አነጋግራለች፤ ሟቿ ከኋላዋ በከባድ ነገር ተመትታለች።

ቤቱን ያከራዩት ጋሽ አድማሴ በሩ ላይ ጠበቋት። «ልጄ፣ ሠርግና ለቅሶ አንድ ላይ ሆኖብናል። አታካብጂው።»

«ሰው ተገድሏል፣ ጋሽ አድማሴ። ገዳዩን ሳላገኝ አልመለስም። እርስዎ ረቡዕ የት ዋሉ?»

«እዚሁ ግቢ። ብቻዬን።»

«ክፍሉን ልቀቂ ብለዋት ነበር አሉ።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ብያለሁ! በእሷ የተነሳ ቤቴ የዛቻ መናኸሪያ ሆነ። ልቀቂ አልኩ እንጂ ሙቺ አላልኩም!»

ቀጥላ ፋጢማን አስጠራች። ፋጢማ እንደ ኡምኩልሱም ከዐረብ አገር ተመላሽ ናት፤ ጨሌውን አብረው ይሠሩ ነበር።

«መቼ ተለያያችሁ?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። ስድስቱን ጨርሳ ነበር። የምትሰካው ነጭ ጨሌ ስላለቀባት አዲስ እሽግ ከሱቅ አምጥቼላት ገበያ ወጣሁ።»

«አንዱ ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?»

«ሦስት ሰዓት ግድም።»

«ማክሰኞ ተጣልታችኋል ይባላል።»

ፋጢማ አቀረቀረች። «ሰኞ ፍርድ ቤት ቀርባ በይማም ላይ ልትመሰክር ነበር። አንቺም መስክሪ አለችኝ። ወላሂ፣ ፈራሁ።»

ይማም የሙሽራው የአህመዲን ታላቅ ወንድም ነው። የአካባቢውን ሴት ልጆች በበረሃ በኩል ወደ ዐረብ አገር ሲልክ የኖረ ደላላ ነው፤ ከላካቸው መሀል ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ሽማግሌዎች «ቤተሰብ ልትሆኑ ነው፣ ተይው» ቢሏት ኡምኩልሱም እምቢ ብላለች። «የቀሩትን ልጆች እናቶች በምን ዐይኔ ልያቸው?» ነበር መልሷ።

ይማም ግን ጥያቄውን ተዝናንቶ ተቀበለ።

«አራት ሰዓት ላይ ወደ ወግዲ በሚሄደው ሚኒባስ ወጥቻለሁ። ሾፌሩን ጠይቂ። ፋጢማ ጠዋት ስትወጣ ስድስት ነበር ብላለች አሉ፤ እሷ ሰባቱንም ጨርሳለች አይደል? ታዲያ እስከ አምስት ሰዓት በሕይወት ነበረች ማለት ነው።»

ሾፌሩ እውነት ነው አለ። ብርሀንነሽ ወደ ሥራ ክፍሉ ተመለሰች። ሰባቱን ጨሌዎች ጎን ለጎን ዘርግታ በጣቷ ለካቻቸው። ከዚያም መሳቢያውን ሳበችና አንድ እሽግ አውጥታ ኪሷ ከተተች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አሰላሙ አለይኩም። አላህ ያጽናችሁ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ፋጢማ፣ ያመጣሽው ነጭ ጨሌ ይኸ ነው?»

«እሱ ነው።»

«እሽጉ አልተከፈተም። የቀድሞው ስድስተኛው ላይ አልቋል። ሰባተኛው ላይ ያለው ነጭ ጨሌ ታዲያ ከየት መጣ?»

እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ቀጠለች።

«ሰባተኛውን ኡምኩልሱም ያን ቀን አልሠራችውም። ተሠርቶ ያለቀ ጨሌ ሌላ ሰው አምጥቶ አስቀምጦታል፤ እስከ አምስት ሰዓት ስትሠራ የቆየች እንድትመስል። ጋሽ አድማሴ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነበሩ፤ ሰዓቱ ቢለወጥ ምንም አይጠቅማቸውም። ፋጢማም ብትሆን ኖሮ ነጩ ማለቁን ስለምታውቅ ያመጣችውን እሽግ ትከፍተው ነበር። ሰባተኛው ደግሞ ከሌሎቹ በሁለት ጣት ያጥራል።»

ፋጢማ ጨሌውን አንስታ አየችው። «ይኸማ ናሙናው ነው! አጭር ወጣብኝ ብላ ስትበሳጭ ነበር። ለሙሽራው ቤት እንዲያዩት ልካው...»

«እኔ ለይማም ሰጠሁት» አለ አህመዲን። «እንዲመልስላት።»

«መልሻለሁ!» አለ ይማም። «ባለፈው ሳምንት!»

አህመዲን ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። «ማክሰኞ ማታ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ነበር። በዐይኔ አይቼዋለሁ።»

«አህመዲን! ወንድምህ እኮ ነኝ!»

«ነህ። ውሸት ግን አልናገርልህም።»

ብርሀንነሽ ወደ ይማም ቀረበች። «ናሙናውን መመለስን ሰበብ አድርገህ ገባህ። ምስክርነቷን እንድትተው ለመንሃት፤ እምቢ አለችህ። ጀርባዋን ስታዞር መታሃት። ስድስቱን ስታይ ሰባተኛ ጨመርክበትና ሚኒባስ ተሳፈርክ።»

«ለመንኳት!» ብሎ ጮኸ ይማም። «እጄን ዘርግቼ ለመንኳት! አንዲት ሴት ልታዋርደኝ...» የተናገረው ነገር ለራሱም ጆሮ ደረሰ። በሩ ላይ የቆሙት ሁለት ፖሊሶች እጁን ያዙት።

ፈርሂያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ፋጢማ ግን ተነስታ መርማሪዋ ፊት ቆመች።

«ቃሌን ጻፊ» አለቻት። «እኔንም የላከኝ እሱ ነው። ሁለቱ ልጆች ሲሞቱ አጠገባቸው ነበርኩ።»

«ፋጢማ፣ ልጄ፣ ተይ» አሉ ጋሽ አድማሴ። «የአንዷ ሞት አይበቃም?»

«በዝቷል እንጂ፣ ጋሼ። የበዛውም ዝም ስላልን ነው።»

ፈርሂያና አህመዲን ሠርጉን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉ። ሰኞ ጠዋት በፍርድ ቤቱ ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። ፋጢማ የምስክር መቆሚያው ላይ ስትወጣ የይማም ዘመዶች ከኋላ አጉረመረሙ። ዳኛው ዝም አሰኟቸውና ትፈራ እንደሆነ ጠየቋት።

«እፈራለሁ፣ ክቡር ዳኛ» አለች፤ ቀና ብላ ይማምን እያየች። «ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ እናገራለሁ።»