የእህቴ ልጅ

የትራስ ልብሱ ገመድ ላይ ነበር። ሰማያዊ ጠርዝ ያለው፣ ከግራ አራተኛው።

ኤልቪዮ ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ኋላ ቆሞ ዓይኑን ተክሎበታል። ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ልክ ስድስት ሲሞላ አንድ ቢላ ሞራጅ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ግቢው ይገባል፣ የትራስ ልብሱን ከገመዱ ይመነትፋል፣ ይወጣል። ጠርዙ ውስጥ ጣት የማታክል ፊልም ተሰፍታለች። ፊልሟ ላይ የአስራ አንድ ሰው ፊትና አድራሻ አለ። ከድንበር ማዶ ለሮም ጆሮ ሆነው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ሞራጁ ፊልሟን ይዞ ከሄደ አንዳቸውም ሳምንት አይቆዩም።

ፊልሟን ለባዕዳን የሚሸጠው ጋስቶኔ ፔሪሊ ይባላል። ከግቢው ማዶ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖር፣ አግብቶ የማያውቅ የመንግሥት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው። የትራስ ልብሱን ጠዋት በገዛ እጁ አስጥቶታል።

የኤልቪዮ ሥራ ቀላል ነበር። ሞራጁን መከተል፣ ፊልሟን መቀማት፣ መጥፋት። ኤልቪዮም ቢሆን ስሙ አይደለም። የስለላ መሥሪያ ቤቱ «ተከራይ» ይለዋል። ሰዓት ሠሪ ነኝ ብሎ ጋርባቴላ ሰፈር ከእትዬ ሴቲሚያ ጓዳ ከገባ አራት ወሩ ነው።

አንድ ጠብታ መስታወቱን መታ።

ከዚያ ሌላ።

«ዝናብ! ኧረ ዝናብ! ልብስ አንሱ!»

እትዬ ሴቲሚያ ነበሩ። ሰባ አልፏቸዋል፤ ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ይንቋቋል። ዝናብ ሲመጣ ግን ኮረዳ ናቸው። ቅርጫታቸውን ታቅፈው ወረዱ።

የዚያ ግቢ ሕግ እንዲህ ነው። በደረቅ ቀን የሰው ልብስ የነካ ጉዱ ፈላ። ዝናብ ሲመጣ ግን ቤት የተገኘ ሁሉ የሁሉንም ያነሳል፣ ያጥፋል፣ ለባለቤቱ ያደርሳል። ተው የሚል የለም፣ አመሰግናለሁ የሚልም የለም። እነዚያ ብልጣ ብልጥ ሻጭና ገዢዎች ፖሊስ አስበዋል፣ ሰላይ አስበዋል፣ መውጫና መግቢያውን አጥንተዋል። ጎረቤት የሚባል ነገር ግን አላሰቡም። አራት ወር ሙሉ ልብሱን ሲያነሱለት የኖረው ኤልቪዮም አላሰበ።

አንደኛው። ሁለተኛው። ሦስተኛው።

አራተኛው ቅርጫቱ ውስጥ ገባ።

ማዶ መስኮት ላይ የጋስቶኔ ፊት አመድ መሰለ። ያኔውኑ ሞራጁ በግቢው በር ገባ። ባዶውን ገመድ አየ፤ ቅርጫቱን አየ፤ አሮጊቷን አየ።

«ምን ይገትርሃል በዝናብ? ዛሬ የሚሞረድ ቢላ የለም! ሂድ ተጠለል፣ ሳንባህን ሳይበላህ!» አሉት እትዬ ሴቲሚያ።

ሰውዬው ፊታቸውን ትኩር ብሎ አየ። ብስክሌቱን አዙሮ ወጣ። ኤልቪዮ ሊከተለው አንድ እግሩን አነሳና ተወው። ፊልሟ ወደሱ ደረጃ እየወጣች ነበር።

ሐሙስ ነውና ሮም ሙሉ ኞኪ የሚሉትን የድንች ድብልብል ይበላል። ወጥ ቤቱ በተቀቀለ ድንች ሽታ ታውዷል። እትዬ ሴቲሚያ ካውያውን ምድጃ ላይ ጣዱና የጎረቤቱን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ከመሩት። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ጋስቶኔ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እትዬ፣ የትራስ ልብሴን ልወስድ ነበር።»

«እርጥብ ነው። ተኩሼ አመጣልሃለሁ።»

«ግድ የለም፣ እርጥቡንም ቢሆን...»

«አንተ ሰው፣ እርጥብ ትራስ ላይ ተኝተህ አንገትህ ሊቆለመም ነው? ሚስት አግባ ስልህ ብትሰማኝ እኮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሂድ አሁን፣ ውሃው ፈላብኝ!»

በሩ በአፍንጫው ላይ ተዘጋ። እትዬ ሴቲሚያ ካውያውን አነሱ። የትራስ ልብሱን ዘረጉት። ጠርዙን በመዳፋቸው አለሰለሱ።

«ምንድን ነው እቴ ይሄ? ጠጠር ነገር አለው።»

ካውያው ወረደ።

«እትዬ!» አለ ኤልቪዮ። «ይስጡኝ፣ እኔ ልተኩስ።»

«አንተ?» ሳቃቸው መጣ። «ወንድ ልጅ ካውያ ይዞ ጎረቤቴ ናዛሬና ብታይ ለሳምንት የምታወራው አገኘች።»

«እጄን አመመኝ ሲሉ አልነበር? እርስዎ ኞኪውን ይጨርሱ።»

እትዬ ሴቲሚያ ካውያውን ሰጡትና አገጩን ቆንጠጥ አደረጉት። «የወለደችህ ታድላ» አሉ።

አንገቱን ደፋ። ከዚህ ሁሉ ጥይት ይሻለው ነበር።

ጀርባቸውን ሰጥተው ሊጡን ሲያድቦለቡሉ የሰዓት ሠሪ ምላጩን አወጣ። አራት ስፌት ፈታ። ፊልሟ መዳፉ ላይ ወደቀች። መልሶ ሰፋው። እትዬ ሴቲሚያ እያንጎራጎሩ ነበር፤ አልዞሩም። ለምን ይዞራሉ? ቤታቸው ያለው እኮ ሌባ አይደለም፣ ኤልቪዮ ነው።

ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ኞኪውን በላ። ድገም ሲሉት ደገመ።

ባር ወርዶ ስልክ ደወለ።

«ሐኪሙ አለ?»

«ማን ልበል?»

«ተከራይ። መድኃኒቷ እጄ ገብታለች።»

«ሞራጁስ?»

«ባዶ እጁን ተመለሰ። ዝናብ ሲመጣ ባልቴቷ ከገመዱ አንስታው ነበር። ስታነሳም አይቷታል።»

ቤት ሲሆን «እርስዎ»፣ ስልክ ላይ «ባልቴቷ»። ራሱን ሰማውና ጆሮው ጋለ።

«አይቷታል?» አለ ሐኪሙ። «ጥሩ። በጣም ጥሩ።»

አስር ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አግዳሚ ወንበር ላይ ተገናኙ። ሐኪሙ መንደሪን እየላጠ ነበር። የኤልቪዮ አለቃ ነው፤ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ፊልሟን ተቀብሎ ከደረት ኪሱ ከተተና አንድ ፍሬ አቀበለው።

«ጋስቶኔን መቼ ትይዙታላችሁ?» አለ ኤልቪዮ።

«አንይዘውም።»

«እንዴት?»

«ቅድም ቢሮው በር ላይ ጠበቅኩት። አለቀሰ፣ ፈረመ። ከዛሬ ጀምሮ እኛ የጻፍነውን ነው የሚሸጥላቸው። እንዲህ ያለ ሲሳይ በዕድሜህ አንዴ ነው የሚገጥምህ።»

«ዛሬ እናስረዋለን ብለኸኝ ነበር።»

«ብዬህ ነበር።» መንደሪኑን ጎረሰ። «አሁን አስብ። ገዢዎቹ ፊልሟ የት ገባች ይላሉ። ጋስቶኔ ከዳን ካሉ ይገድሉታል፣ እኛም ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ስለዚህ ሌላ ሰው ፊልሟን ወስደሃል ተብሎ መያዝ አለበት። ሰፈር እያየ።»

ኤልቪዮ ገባው።

«እሳቸው ምንም አያውቁም!»

«'ባልቴቷ አንስታው ነበር' ያልከው አንተ ነህ። 'አይቷታል' ያልከውም አንተ።»

«አሮጊት ናቸው እኮ!»

«ሦስት ቀን ነው። ማስረጃ የለባትም፣ ትለቀቃለች። አንተ ግን አፍህን ከከፈትክ ጋስቶኔም ሞተ፣ ገዢዎቹም ሌላ ሻጭ ይፈልጋሉ። አስራ አንዱን አስታውስ።» ሰዓቱን አየ። «መኪኖቹ አሁን ይደርሳሉ። ሻንጣህን ይዘህ ጥፋ።»

ኤልቪዮ ሮጠ።

ሁለት መኪና። ስድስት ፖሊስ። ግቢው ሙሉ ሰው ወጥቷል። እትዬ ሴቲሚያ በቤት ጫማ፣ እጃቸው ላይ ዱቄት እንደነጣ፣ በሁለት ፖሊስ መሃል ከደረጃው ወረዱ። እጅግ አነስ ብለው ታዩት። ማዶ የጋስቶኔ መስኮት ተዘግቷል።

«ምን አድርጋ ነው? ኧረ የሰው ያለህ! ሌባ ጠፍቶ ሴቲሚያን?» እያሉ ናዛሬና ይጮሃሉ። አርባ ዓመት በግድግዳ የተጎራበቱ ሴት ናቸው።

ፖሊሶቹ ኤልቪዮን አያውቁትም። ሐኪሙ ለማን ነግሮ! የመቶ አለቃው ከበሩ ላይ አስቆመው።

«አንተስ? እዚህ ቤት ነህ? መታወቂያ!»

ኤልቪዮ አፉን ከፈተ። አንድ ቃል በቂ ነበር። «እኔ ነኝ» ቢል ያበቃ ነበር። አስራ አንድ ፊት በዓይኑ መጣ፤ አፉን መልሶ ገጠመ። እንዲህ ያለውን ሰው አገራችን የበላበትን ወጪት ሰባሪ ይለዋል፤ ስሙን ደብቆ ስድብን ማምለጥ አይቻልም።

«የእህቴ ልጅ ነው!» አሉ እትዬ ሴቲሚያ።

መቶ አለቃው ዞረ።

«የእህቴ ልጅ ነው። ትናንት ማታ ነው ከገጠር የመጣው። ምንም አያውቅም፣ እሱን ተዉት።»

ግቢው ውስጥ የቆሙት አራት ወር ሙሉ ሰዓታቸውን ሲጠግን ያዩት ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ሳል አለ።

«እውነቷን ነው» አሉ ናዛሬና ወገባቸውን ይዘው። «የእህቷ ልጅ ነው። ገና በጨቅላነቱ አቅፌዋለሁ።»

«አፍንጫው እኮ የእናቱ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ ከመስኮት።

ማንም አልሳቀ። መቶ አለቃው መታወቂያውን ትቶ እጁን አወናጨፈ። እትዬ ሴቲሚያ «ልጄን ልሳመው» አሉና መልስ ሳይጠብቁ አንገቱን አቀፉት። አፋቸው ጆሮው ላይ ነበር።

«ፍራሽህ ስር ያለውን ሽጉጥ ቶሎ አንሳው» አሉት። «ቤቱን ይፈትሹታል። ምን አድርገህ እንደምትሸሽ አላውቅም፤ አልጋህን ሳነጥፍ ካየሁት ሦስት ወሬ ነው። አንተን ፈልገው ነው የመጡት። ሂድልኝ ልጄ።»

መኪናው ውስጥ አስገቧቸው።

እሱን ፈልገው የመጡ መስሏቸው ነው በሱ ፋንታ የሄዱት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። መሬት ግን እንዲህ ላለው ሰው አትሰነጠቅም። ናዛሬና ክንዱን ይዘው በጓሮ በር አሾለኩት። ሽጉጡን ከፍራሹ ስር አንስተው በድንች ቅርጫት ያመጡለትም እሳቸው ናቸው። «ምንም እንዳትነግረኝ» አሉት። «ለማላውቀው ነገር ነው መሐላ የሚቀለኝ።»

ስምንት ወር አለፈ። ቶሪኖ ውስጥ ሌላ ስም፣ ሌላ ጓዳ፣ ሌላ ሙያ ነበረው። አስራ አንዱ በሕይወት አሉ። ጋስቶኔ የተጻፈለትን ይሸጣል። ከሐኪሙ አንድ ቀጭን መዝገብ መጣለት፤ ጉዳዩ ሊዘጋ ነውና አንብቦ እንዲፈርም ነው።

ፊልም አልተገኘም። የስለላው ክስ ተሰርዟል። ሐኪሙ በዚህ አልዋሸም።

ገጹን ገለጠ።

ተከሳሽ ከቤቷ የኖረውን ሰው ማንነት ስትጠየቅ ስድስት ጊዜ «የእህቴ ልጅ ነው» ብላለች። ናዛሬና የተባለች ምስክርም ይህንኑ በመሐላ አጽንታለች። የክብር መዝገብ ሲመረመር ግን ተከሳሽ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገች፣ እህትም ወንድምም የሌላት ሆና ተገኝታለች። የሰውየውን እውነተኛ ማንነት ብትናገር በነፃ እንደምትለቀቅ ተነግሯት እምቢ ብላለች። ሐሰተኛ ቃል በመስጠትና ተጠርጣሪ በመሰወር ሁለት ዓመት እስራት።

ደግሞ አነበበው። እህት የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅ።

ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ክፍት ቦታ ነበር። «በጉዳዩ ላይ አስተያየት ካለ» ይላል። ሰውየው እኔ ነኝ፣ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ ነኝ ብሎ ለመጻፍ ቦታው በደንብ ይበቃል። ብዕሩን ይዞ ብዙ ቆየ።

«የለም» ብሎ ጻፈና በዚያ ሰሞን በነበረው ስም ፈረመ።