ረጅሙ ቁልፍ

ላፕቶፕ ከቡና ጋር የሚያሰጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ዓምደሚካኤል ግን አስጥቶት መጣ።

«የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ሙዚቃ ከፍቼበት ብርዝ ተደፋበት» አለ፣ በፌስታል የጠቀለለውን ላፕቶፕ ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጠ። «ወዲያው አልጋ ላይ አወጣሁት። በየሰዓቱ እያገላበጥኩ ሁለት ቀን ፀሐይ አስመታሁት።»

አልጋ የሚለው እሱ በሚሠራበት በሰቃ ቡና የሚሰጣበትን የሽቦ አልጋ ነው። የቡና ባለሙያ ነበርና እርጥብ ነገር ሁሉ በፀሐይ የሚድን ይመስለዋል። የብርዙ ማር ቁልፎቹ ሥር ደርቆ ሙጫ ሆኗል፤ የቡና ገለፈት ተለጥፎበታል፤ አንዱን ቁልፍ ስጫነው ተመልሶ አይነሳም። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ።

2004 ዓ.ም. ነበር። ሥራ ቦታዬ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ የአባቴ የቲጃኒ ልብስ ስፌት ቤት ግማሹ ነው። በአንድ በኩል አባቴ ይሰፋል፣ በሌላው እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ በመካከላችን ያለው መጋረጃ ብቻ ነው። ስሙን መዝገቤ ላይ ስጽፍ፣ የእሱ ዓምደሚካኤል ከእኔ ረይሃና ጋር የት እንደሚደርስ ማወቅ ነበረብኝ። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ አይፈልግም።

ሁለተኛ እንዳይለምደው አስተማርኩት። ስኳር ያለው ነገር ሲደፋ ወዲያው አጥፍቶ፣ ባትሪውን አውጥቶ፣ ገልብጦ ማንጠፍጠፍ ነው፤ ፀሐይ ማሩን ታደርቀዋለች እንጂ አታወጣውም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነቅዬ ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍኳቸው፤ ሥራቸውን አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግኩ። እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጄን ያያል። እንደሚያይ ስለማውቅ ቀስ እል ነበር።

በአራተኛው ቀን ቁልፎቹ ሁሉ ተመለሱ፤ ታች ያለው ረጅሙ፣ ቃልና ቃል የሚለየው ብቻ ቀረ።

«የዚህኛው ሽቦ ተበላሽቷል» አልኩት። «ከአዲስ አበባ መምጣት አለበት።»

ዋሽቼ ነው። ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጧል።

በየቅዳሜው ከሰቃ ይመጣና «መጣ?» ይለኛል፣ «አልመጣም» እለዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቁልፍ አናወራም። ስድስት ወር ሙሉ ሪፖርቱን ቁልፉ በሌለበት፣ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጎማ በአውራ ጣቱ እየተጫነ ጻፈ። ጣቱ ጠነከረ። አንድ ቀን ያን ጣት ያዝኩት፤ የአባቴ ማሽን ቀጥ ሲል ለቀቅኩት። ወድጄው ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ ያኔ ግን ለራሴም አልተናገርኩትም።

ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሲነግረኝ ደነገጥኩ።

«ቆይ አቦ፣ መጀመሪያ እኔ አባቴን ላናግረው።»

«እስከ መቼ ነው ቆይ? የሚደበቅ ምን ሠራን?»

እሱ ሁሉን ነገር ፀሐይ ላይ ማውጣት ይወዳል። እኔ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ። አላናገርኩትም አባቴን።

እሑድ ዕለት ጎረቤታችን ጋሽ ገብረሥላሴና የዓምደሚካኤል የመሥሪያ ቤት አለቃ ኦቦ ጀቤሳ መጡ። እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ ባጃጆቹ አጠገብ ቆሟል። አብሮ መምጣት አልነበረበትም፤ አላስችል ብሎት ነው። አባቴ እንግዶቹን በአክብሮት አስቀመጣቸው፤ ተናግረው እስኪጨርሱ አላቋረጣቸውም። ከዚያ መጋረጃውን ገለጠ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ቁጣ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«ረይሃና፣ ያን ልጅ ታውቂዋለሽ? ወላሂ አልቆጣሽም፤ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

ጎረቤቶች በራችን ላይ ቆመዋል።

«ደንበኛ ነው» አልኩ። «ላፕቶፕ አጽድቼለታለሁ።»

ጋሽ ገብረሥላሴ መሬት መሬት አዩ። ኦቦ ጀቤሳ ይቅርታ ጠይቀው ተነሡ። ማዶ ተሻግረው ሲነግሩት በመስኮት አየሁ። የእኛን በር ብቻ ብዙ ቆሞ አየው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ መጣ። በርጩማው ላይ አልተቀመጠም።

«ሰኮሩ ተዛውሬያለሁ፤ ዛሬ መሄዴ ነው። ቁልፉ ከመጣ ግጠሚልኝ። ካልመጣም ግድ የለም፣ ደንበኛ ሌላ ቦታ ያሠራል።»

መሳቢያውን ከፈትኩ። ሽቦውን አስገብቼ ቁልፉን በሁለት ጣቴ ጫን ሳደርገው ጠቅ አለ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ቁልፉን አየ፣ መሳቢያውን አየ፣ ከዚያ እኔን።

«እዚህ ነበር?»

«እዚሁ ነበር።»

«ይሄን ያህል ቀላል ነበር?»

ለምን እንደደበቅኩት ገባው። ለአፍታ ሊስቅም ደርሶ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ይቆም ነበር፣ ይህን ዛሬም እርግጠኛ ነኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ግን የአባቴ ማሽን ቆመ፤ እኔም መሳቢያውን ዘጋሁ። ላፕቶፑን በፌስታሉ ጠቅልሎ ወጣ።

አባቴ መጋረጃውን ገለጠ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር።

«ታውቂው ነበር አይደል?»

«አዎ፣ አባ።»

ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር።

«ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰምቼ ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት» አለ። «እምቢ ለማለት አልቆረጥኩም ነበር፣ ልጄ።»

ተመልሶ ማሽኑን ረገጠ። እኔም የሚቀጥለውን ደንበኛ ላፕቶፕ ከፈትኩ። ሻይ ነበር የተደፋበት፣ ስኳር የበዛበት።