የቲቸር አዛለች ነጭ ክብ

የቲቸር አዛለችን ስልክ ሆን ብዬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስሜ ባዩ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ቡታጅራ፣ ከበርበሬ ተራ ጀርባ ነው። አባቴ ሞቷል። እናቴ በርበሬ ትቸረችራለች። ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ሲሆን እኛ ቤት የነበረው ቁልፉ የሚጫን አሮጌ ስልክ ብቻ ነው።

ቲቸር አዛለች የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ነበረች። የቀኝ እጇን ጣቶች የወፍጮ ቀበቶ ወስዶባታል። የግራዋ ጣቶች ደግሞ ደርቀው አይዘረጉም። በጣቷ አንጓ ስልክ መንካት ትችላለች፤ መጎተት ግን አይሆንላትም። አዲሱ ስልኳ ወደ ኋላ ለመመለስም፣ ከከፈቱት ነገር ለመውጣትም መጎተት ይፈልጋል። ስለዚህ ስልክ ጠጋኙ ሰማን መስታወቱ ላይ ነጭ ክብ አወጣላት። ክቡን አንዴ ስትነካው መመለሻውና መውጫው ብቅ ይላሉ። የምትፈልገውን ትነካለች፤ አለቀ። የመዝሙራችንን ዜማ የምታጫውተው እንዲህ ነው።

ልጆች፣ ይህ ያስቃል? እኛን አስቆናል። ጮክ ብለን ነው የሳቅነው።

ሳሙኤል ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቶ ነበር። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ሲንሸራተት ዓይን አይከተለውም።

"ይቺ ነጥብ የአያቶች ናት" አለን። "እኔ ባስተምራችሁ ግን በየሳምንቱ ጌም አለ።"

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ገብሬም ክፍሉን ለሳሙኤል መስጠት ይፈልጉ ነበር። "የእሁዱን የመዝሙር ፕሮግራም እንይ" አሉ። "ካቃታት እሱ ይረከባል።"

ቅዳሜ መብራት ጠፋ። ሰማን ጄኔሬተር አለው። ቲቸር ስልኳን እሱ ጋ ቻርጅ አድርጌ እንዳመጣ ላከችኝ። ስመለስ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ የመኪና ጌም ተጫወትኩ። ከዚያ ሴቲንግ ገብቼ ነጩን ክብ አጠፋሁት። ጌሙን እንደገና ከፍቼ፣ መስታወቱን አጨልሜ ስልኩን ሰጠኋት።

"ተባረክ፣ ባዩዬ" አለችኝ።

ጌታ እንደሚያየኝ አውቅ ነበር። እያወቅሁ አደረግሁት።

እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ በምእመኑ ፊት፣ ሠላሳ ሁለት ልጆች ተሰልፈን ቆምን። ስልኩ በሽቦ ከድምፅ ማጉያው ጋር ተያይዟል። ቲቸር የስልኩን ጎን ስትጫን የጌሙ መኪና በአዳራሹ ሙሉ አጓራ። ክቡን ፈለገች። የለም። በአንጓዋ ለመጎተት ሞከረች። መኪናው ባሰበት። ሰው ሳቀ።

"አዛለች፣ በቃሽ" አሉ ጋሽ ገብሬ።

"አልበቃኝም፣ ጋሽ ገብሬ።"

ግንባሯ በላብ ርሷል። እጇን ግን አልደበቀችም። እኔ እሷን ማየት አቃተኝ።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ!" አልኩ።

"አንተ፣ ዝም በል! ቦታህ ቁም!" አሉኝ ጋሽ ገብሬ።

"አልቆምም!"

እናቴ ከኋላ "ባዩ!" ስትል ሰማኋት። አልዞርኩም። ወደ ፊት ወጥቼ ጌሙን ዘጋሁ፤ ክቡን መለስኩላት።

"ለምን?" አለችኝ ቲቸር ዝቅ ብላ።

"ሳሙኤል እንዲያስተምረን ብዬ። ይቅርታ፣ ቲቸር።"

"ይቅር ብያለሁ። ሂድ ቦታህ ግባ፤ ልንዘምር ነው።"

ክቡን ነካች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዜማው መጣ። ጉሮሯችን እስኪሰነጠቅ ዘመርን።

ልጆች፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ተስተካከለ ብላችሁ ይሆናል። አልተስተካከለም። ጋሽ ገብሬ ክፍሉን ለሳሙኤል ሰጡት።

"ልጆች ፈጣን ሰው ነው የሚወዱት" አሉ።

"እሺ፣ ክፍሉን ውሰዱ" አለች ቲቸር። "እኔ በሚቀጥለው እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ቤቴ አስተምራለሁ። የመጣ ይምጣ።"

እናቴ ያን ቀን ቀጣችኝ። አላለቀስኩም፤ ይገባኝ ነበር።

ልጆች፣ ሌላው ሰው የሚሠራበት መንገድ ከእናንተ ስለተለየ አትዝጉበት፤ ከዘጋችሁበትም በሰው ሁሉ ፊት ቆማችሁ መልሳችሁ ክፈቱለት።

በሚቀጥለው እሁድ ሃያ ዘጠኙ ሳሙኤል ጋ ገቡ። ቲቸር አዛለች ቤት የሄድነው ሦስት ልጆች ብቻ ነበርን፦ ሕይወት፣ ፍቅሩ እና እኔ።